ባሬ ነገ

ጅግጅጋ ውስጥ ሣር የማጨድ ሥራ የፍየል ነው። ሻርማርኬ ግን ፍየል አልበቃውም። ሃያ ዓመት ውጭ ኖሮ በ2011 ዓ.ም. ሲመለስ፣ ወደ ሸደርና ወደ አውበሬ የስደተኛ ጣቢያ ለሚመላለሱ የእርዳታ ሠራተኞች የእንግዳ ማረፊያ ከፈተና ግቢውን በሙሉ ሣር አለበሰው። ሰፈሩ ጀሪካን ደርድሮ ውሃ ሲጠብቅ የሻርማርኬ ሣር በቦቴ መኪና ይጠጣል። ነፋሱ ከሜዳው አቧራ አምጥቶ ሲነሰንስበት ደግሞ ሠራተኛ በጎማ ያጥበዋል። ሣር የሚታጠብበት ግቢ እስከ ዛሬ ሌላ አላየሁም።

ይሄም አልበቃ ብሎት፣ በበርበራ ወደብ ካስመጣው ኮንቴይነር ውስጥ አንድ ማሽን ወጣ። አራት ጎማ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ መሪ ያለው፣ ሆዱ ሥር ምላጭ የሚሽከረከር፣ ሰው ተቀምጦ እየነዳ ሣር የሚያጭድበት። ቀለሙ ተልጦ፣ ወንበሩ ተቀዶ፣ አርጅቶ ነው የመጣው። እዚያ የሰለቻቸውን ነው ጭኖ ያመጣልን፤ እኛም ከብበን አጨበጨብንለት።

ወንዶቹ ሊነዱት አፈሩ። ሾፌሩ «እኔ አይሱዙ የምነዳ ሰው አሻንጉሊት ላይ ልፈናጠጥ?» አለ። ዘበኛው ሳቀ። የወጣችበት እናቴ ናት። እናቴ ዐኒሳ የባቲ ልጅ ናት፤ አባቴ በአይሻ በኩል ጅቡቲ ሄዶ ከቀረ በኋላ እዚያ ግቢ አንሶላ ታጥብ ነበር። ቀሚሷን ሰብስባ፣ ሻርፗን አጥብቃ ተቀመጠችበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አጣቢነቱ ቀርቶ «ኦፕሬተር» ተባለች፤ ከጄኔሬተሩ ጀርባ ያለችውም ክፍል ተሰጠችን። ክፍሏ ለትምህርት ቤቴ ቅርብ ነበረች። ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ በየክፍሉ እየዞርኩ «የኢስራ እናት ማሽን ትነዳለች» ስል ነበር የምውለው።

ችግሩ መሪው ነበር። ግማሽ ዙር ባዶውን ይዞርና ድንገት ይይዛል፤ ሲይዝ ደግሞ የትከሻ ጉልበት ይጠይቃል። እናቴ ወደ ቀኝ ስትጠመዝዘው ማሽኑ ትንሽ ያስብና ወደ ፈለገበት ይሄዳል። የሚፈልገው ደግሞ ሁልጊዜ በግራ በኩል ያለውን የጽጌረዳ መደብ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ግማሹን በላው።

ሻርማርኬ ነጭ ሱሪውን ለብሶ በረንዳው ላይ ቆመና «ዐኒሳ፣ ይሄ ማሽን ወይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ወይ ሁለታችሁም ትሄዳላችሁ» አላት። ሁለታችሁም ያለው እሷንና ማሽኑን ነው፤ እኔ ከቁጥርም አልገባሁ። ከተባረርን ክፍሏም ትምህርት ቤቱም አብረው እንደሚሄዱ ግን በደንብ ገብቶኛል።

ያኔ ነው ባሬ የተጠራው። ከገበያው ጀርባ ባጃጅ የሚጠግን፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢሙን በሂና ያቀላ ሰውዬ ነው። ሽርጡን ወደ ላይ አስሮ ማሽኑ ሥር ሲገባ እግሩ ብቻ ውጭ ይቀራል። አማርኛው የገበያ አማርኛ ነው፤ ሻርማርኬንም ባለሥልጣኑንም እኩል «አንተ» ይላል። ከክፍሌ አንደኛ ለምወጣው ለእኔ ይሄ ብቻውን ሰውዬውን ለመናቅ ይበቃኝ ነበር።

እግሩ አጠገብ ቁጢጥ ብዬ አየዋለሁ። «ሃየ… ሃየ…» ይላል ለራሱ፣ እሺ እሺ እንደ ማለት። ከዚያ ጥቁር በጥቁር የሆነ እጁ ይወጣና አንድ ነገር ሣሩ ላይ ያስቀምጣል። የፊት ጎማዎቹ የሚዞሩበት ቦኮላ፣ ቀለበቱ ማለት ነው፣ ተበልቶ የእንቁላል ቅርጽ ይዟል። የመሪው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለችው ኳስ ማቀፊያዋ ውስጥ ትንኳኳለች። ከመሪው ሥር ያለው ጥርስ መሃሉ አልቆ ዳር ዳሩ ብቻ ቀርቷል።

«መለዋወጫው እዚህ አገር የለም» አለ ሻርማርኬ ከላይ ሆኖ።

«ለአንተ የለም» አለው ባሬ ከሥር።

ሦስት ቀን ፈጀበት። ቦኮላውን ቶርኖ ቤት ወስዶ በነሐስ አስቀረጸው። ኳሷን ከተጣለ መኪና ላይ ፈትቶ በሞረድ ልክ አደረጋት። ጥርሱን ገልብጦ ያልተበላውን በኩል ወደ ሥራ አመጣው፤ ከጀርባው ስስ ሮንዴላ፣ ቀዳዳ ያለው የብረት ዝርግ፣ እየጨመረ እስኪጠብቅ ገፋው። ግራሶ ሞላበትና መሪውን በአንድ ጣት አዞረው። ዛሬ ሳስበው ያ ሥራ ባርኔጣ የሚያስወልቅ ነው። ያኔ ግን «አንድ መሪ ሦስት ቀን! ምን ዓይነቱ ዘገምተኛ ነው!» እያልኩ ለዘበኛው አወራ ነበር።

እናቴ ወጥታ ነዳች። መሪው ታዘዘላት። የግራው መደብ ጋ ስትደርስ ግን የመደቡን ጠርዝ ድንጋይ ገጭታ፣ ሁለት ጽጌረዳ ጠርጋ አለፈች። ዞር ብላም አላየችው።

ባሬ ድንጋዩን አየ፣ የጎማውን ዱካ አየ፣ እናቴን አየ። አስቆማትና፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ በግራዋ በኩል ቆሞ ቀይ የእጅ መጥረጊያ ጨርቁን ያውለበልብ ጀመር። ከጆሮዋ አንድ ክንድ ቢርቅ ነው። እሷ ፊት ፊቷን እያየች «ባሬ የት ገባ?» አለች።

እኔ ይሄን ጨዋታ አደረግሁት። ሽማግሌው ሊያስቃት ይጨፍራል፣ እሷ ደግሞ ያላየች መስላ ታሾፍበታለች ብዬ አንጀቴ አረረ።

«እዚህ ነኝ» አለ ባሬ ቀስ ብሎ። ከዚያ ወደ በረንዳው ዞረና «ስህተቱ የእኔ ነው! መሪው ገና ነው! ነገ እመጣለሁ!» ብሎ ጮኸ።

ውሸቱን ነው። መሪው አልቆለት ነበር። ያላለቀለት የእናቴ ዓይን ነው። የግራው ዓይኗ ከዳር ጀምሮ እየጨለመ ከመጣ ዓመት አልፎት ነበር፤ እሷ ጠብቃ ይዛዋለች፣ እሱ በአንድ ጨርቅ አወቀባት፣ እኔ አብሬያት የምተኛው ልጇ አላወቅሁም። ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ አይደል!

ከዚያ በኋላ ባሬ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል። ማሽኑ ሥር ይገባል፣ አንድ ቡሎን ፈትቶ ያንኑ ቡሎን ያስራል፣ ይወጣል፣ «ነገ ይስተካከላል» ይላል። አንድ ቀን የመደቡን ድንጋዮች በሙሉ ኖራ ቀባ። ሌላ ቀን ከማሽኑ ግራ ጎን ጠንካራ ሽቦ እንደ ቀንድ አውጥቶ አሰረ፤ ድንጋይ ሲነካ ቂው ይላል። «ምንድነው ይሄ?» ሲለው ዘበኛው፣ «የመሪ ማስተካከያ» አለው። ሌላ ቀን ደግሞ «ይሄ መሪ ቀኝ ይወዳል» ብሎ አዋጅ አወጣ፤ እናቴም ከዚያ ወዲያ መደቡን በቀኟ እያደረገች በቀኝ ብቻ መዞር ጀመረች። ኖራው እንድታይ፣ ሽቦው እንድትሰማ፣ ዙሩ ደህና ዓይኗ ወደ መደቡ እንዲሆን ነበር። እኔ ግን ሥራ የፈታ ሰው ተንኮል ነው ብዬ እጄን አገጬ ላይ አድርጌ እታዘበዋለሁ።

ጅግጅጋ በቅጽል ስም አትምርም። ሰው ቢያነክስ አንካሳው ነው፣ ጥርሱ ቢወልቅ ወላቃው ነው፤ የሚጠራውም በፊቱ ነው፣ እሱም አቤት ይላል። ሱማሌው ይሄን ስድብ አይለውም፤ አንዱን ዐብዲ ከሌላው ዐብዲ መለያ ነው፣ ስልክ ውስጥም እንደዚያው ይመዘገባል። አንዴ ከወጣ ግን አይወልቅም፤ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። እኔም ለባሬ አወጣሁለት። አጥር ላይ ተንጠላጥዬ፣ መሣሪያውን ተሸክሞ ሲወጣ፣ በሱማልኛም በአማርኛም «ባሬ ነገ! ባሬ ነገ!» ብዬ ጮኽኩበት። የሰፈሩ ልጆች ተቀበሉኝ። በሳምንቱ የባጃጅ ተራው ሁሉ ባሬ ነገ ይለው ጀመር። በወሩ «ባሬ ነገ ጋ ወስደህ ልታቆማት ነው?» እየተባባሉ ደንበኞቹ ወደ ሌላ ጋራዥ ዞሩ። እኔ ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

ለምን እንዲህ ጠላሁት? አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከጄኔሬተሩ ጀርባ ሲንሾካሸኩ ሰማኋቸው።

«እስከ መቼ ነው?» ይላል ባሬ።

«ልጄ የዓመቱን ትምህርት እስክትጨርስ። ካወቁብኝ ግን አለቀልኝ። ባሬ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ ለማንም!»

«ሐኪም ቤት ሂጂ፣ ወላሎ፣ እህቴ። እኔ መሪ ነው የምጠግነው።»

«ዘንድሮ አይሆንም። ሐኪም ቤት ከታየሁ ስሜ ያው ይሆናል፤ ልጄም የዕውሯ ልጅ…»

ጄኔሬተሩ እዚህ ላይ ተነሳና የቀረውን በላው። ያን ቀን ለይቼ የሰማሁት «ለማንም»፣ «ልጄ» እና «ሐኪም ቤት» ብቻ ነው፣ ሌላውን እናቴ ናት ከዓመታት በኋላ የሞላችልኝ፤ ሐኪም ቤቱንማ ለእርግዝና አደረግሁት። ያ ቀይ ጢም እንጀራ አባቴ ሊሆን ነው! ሌላ ሰው ጠፍቶ፣ አንድ መሪ ማቃናት ያቃተው ገልቱ!

ስለዚህ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ ግቢው ሲተራመስ፣ ሻርማርኬ ፊት ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«ጋሼ፣ ባሬ ስለማይችል ነው። ድሬዳዋ ጋሽ ተክለማርያም የሚባሉ መካኒክ አሉ፤ ሾፌሮቹ ሁሉ ያውቋቸዋል። እሳቸው ይምጡ።»

እናቴ ባልዲ ይዛ ነበር፤ ባልዲው ከእጇ ወደቀ። «አንቺ ልጅ!» አለች። ሻርማርኬ ግን «ከናንተ ሁሉ ይቺ ልጅ ትሻላለች» አለና ስልኩን አወጣ። እኔ ደረቴን ነፋሁ።

ጋሽ ተክለማርያም አርብ ጠዋት ደረሱ። በባቡር ጥገናው ያደጉ፣ ሸሚዛቸው የተተኮሰ፣ ሰው ቶሎ የማያናግሩ ሽማግሌ ናቸው። ማሽኑ ሥር ገብተው ብዙ ቆዩ። ባሬ ዳር ቆሞ ጢሙን ያሻሻል። ሽማግሌው ሲወጡ ጉልበታቸውን አራገፉና «ይሄን የሠራው ማነው?» አሉ።

«እሱ ነው!» አልኩ በጣቴ እያሳየሁ።

«እጁን ይባርከው። ይሄ መሪ ከአዲስም ይበልጣል» አሉ። ራሳቸው ወጥተው ከግቢው ጫፍ እስከ ጫፍ ነዱት፤ እንደ ክር ቀጥ ያለ መስመር ወጣው።

ሻርማርኬ ከበረንዳው ወረደ። «መሪው ደህና ከሆነ ታዲያ ጽጌረዳዬን ማነው የሚጨርሰው? ዐኒሳ፣ ውጪ፤ መደቡን በግራሽ አድርገሽ ንጂ!»

ባሬ «ቆይ፣ አንተ፣ መጀመሪያ እኔ…» ብሎ ነበር። የሚሰማው አላገኘም። እናቴ ወጣች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ዱዓ ታደርጋለች። ሻርማርኬ ራሱ፣ በዚያ በነጭ ሱሪው፣ ሊመረምራት በግራዋ በኩል መደቡ አጠገብ ቀድሞ ቆመ፤ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ እንደ ትራፊክ ፖሊስ። መደቡን ፈርታ ስትሸሽ ቆይታ በጣም የራቀች መስሏት መሪውን ወደ ግራ አጠፈችው። መሪው ታዘዘ፤ ምን ያድርግ፣ ደህና መሪ ነው። ማሽኑ በቀጥታ ወደ ሻርማርኬ ሄደ።

እሷ አላየችውም። እሱ እንደማታየው አላወቀም። «አቁሚ! ዐኒሳ! አቁ…» እያለ ወደ ኋላ ሲሸሽ ድንጋዩ ጠለፈውና ጽጌረዳው መሃል ተቀመጠ። ጩኸቱ አውበሬ ሳይሰማ አይቀርም። ዘበኛውም ሾፌሩም ሊያወጡት ሮጡ፤ እሾኹ ነጩን ሱሪ አልለቅም አለ። እኔ በሳቅ ልፈርስ ነው።

ስስቅ ዓይኔ ባሬ ላይ ዐረፈ። ማሽኑ ቆሟል፣ በጩኸቱ ያቆመችው እናቴ መሪውን እንደጨበጠች ናት፣ ባሬ ተንበርክኮ እጁን ከሥር አስገብቷል። እጁ ሲወጣ አንድ ቡሎን ይዟል።

«ይኸው!» ብሎ ጮኸ ቡሎኑን ከፍ አድርጎ። «የመሪው ቡሎን ወልቋል! እኔ ነኝ ያላጠበቅሁት! እሷ ምን ታድርግ!»

ጋሽ ተክለማርያም ቡሎኑን አዩ። ከአፍታ በፊት በገዛ እጃቸው የፈተሹት ቡሎን ነው። ከዚያ እናቴን አዩ፤ ሁሉም ወደ ጽጌረዳው ሲሯሯጥ እሷ አሁንም በግራዋ ሰው የገጨች መስሏት በእጇ አየሩን ትዳስሳለች። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔም አላየሁትም ነበር» አሉ። «አርጅቻለሁ።»

በአንድ ቀን ሁለት ገልቱ መካኒክ አልኩ በልቤ። አርባ ዓመት ያካበተውን ስም አንድ ሰው ለማያውቃት ሴት ሲጥል ፊት ለፊት ቆሜ አይቼ፣ ያሰብኩት ይሄን ነው።

ሻርማርኬ ማሽኑን ዳግመኛ ላያይ ማለ። ኦፕሬተር አያስፈልግም ተባለ፤ ክፍሏንም እስከ እሑድ ልቀቁ ተባልን። ጓዛችንን በጋሪ ጭነን ስንወጣ እኔ የማለቅሰው በባሬ ነገ ምክንያት ቤት አጣን ብዬ ነው። ለሚሰማኝ ሁሉ እሱን ረገምኩ። እናቴ አንድም ቀን አላረመችኝም፤ ይሄንን ይቅር ለማለት ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

በዓመቱ አጋማሽ ላይ ትምህርት ቤት ቀየርኩ። እሷ ገበያው ዳር ሳምቡሳ መጥበስ ጀመረች። ዓይኗን የታየችው አምና ነው፣ እኔ ነርስነት መማር ከጀመርኩ በኋላ፣ ያውም ጎትቻት። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ የግራው ጠፍቷል፣ የቀኙም ተጎድቷል፣ ቀድማ ብትመጣ በጠብታ ይያዝ ነበር አለን። «መቼ ነው የጀመረሽ?» ሲላት «ባሬ መሪውን ከመሥራቱ በፊት» አለችው። ሐኪሙ ምንም አልገባውም። እኔ ግን የግራው መደብ ትዝ አለኝ።

በመንገድ ላይ ጠየቅኋት፤ ጨርቁንም ኖራውንም ቡሎኑንም አንድ በአንድ ነገረችኝ። ተናደድኩ። ለራሴ ብቻ አይደለም ንዴቱ። ሰው በሚመላለስበት ግቢ ምላጭ ያለው ማሽን በግማሽ ዓይን መንዳት ምን የሚሉት ድፍረት ነው? እሱስ ዝም ማለቱ ምን የሚሉት ወንድምነት ነው? ለአንድ ቅጽል ስም ተብሎ ዓይን ያህል ነገር! ጮኽኩባት። «ቅጽል ስምማ አንቺም ታወጪ የለ» አለችኝ። 

ይቅርታ ልለው ቆርጬ፣ ባለፈው ጥቅምት ወደ ጋራዡ ሄድኩ፤ እሷም «አብሬሽ» ብላ ክንዴን ይዛ መጣች። ባሬ ጢሙ አሁን ነጭ ሆኗል፣ ሂናውን ትቶታል። አንድ የተፈታ ባጃጅ ፊት ቁጢጥ ብሏል። ተራ የሚጠብቁ አራት አምስት ልጅ ሾፌሮች ጫታቸውን ይዘው ያሾፉበታል።

«ባሬ ነገ፣ የእኔ ለመጪው ረመዳን ትደርሳለች?»

«ለሠርጉ ይፈልጋታል፤ ያውም ለልጁ ሠርግ!»

«ይሄ ሰውዬ እኮ በሣር ማጨጃ ሰው ሊገድል ነበር! ቡሎን ማሰር ረስቶ!»

ይስቃሉ። ነገሩ ሲሆን እነሱ ገና ልጆች ነበሩ፤ ከታላላቆቻቸው የሰሙት ነው። እሱ ቀና አላለም። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ።

እናቴ ክንዴን ለቀቀች።

«መሪው ደህና ነበር» አለች፣ ሳቁ ወደመጣበት አቅጣጫ ፊቷን አዙራ። «ቡሎኑንም እሱ ነው የፈታው፣ ለእኔ ብሎ። የማላየው እኔ ነበርኩ። አሁንም አላይም። ዐኒሳ ነኝ፣ ሳምቡሳ የምትሸጡልኝ፣ ማለቴ የምትገዙኝ። ዕውር ነኝ። በሉ እንግዲህ፣ እንደፈለጋችሁ ጥሩኝ።»

 አንዱ ጉንጩን የወጠረውን ጫት ማኘክ አቆመ። ባሬ ብድግ አለ፤ ተቆጥቷል።

«ማን ጠየቀሽ?» አላት። «ሰባት ዓመት ይዤልሽ! ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም አልጠየቀኝም» አለች። «እሱ ነው ያቆየኝ።»

ከዚህ በኋላ የእኔ ተራ ነበር። እንባዬ ቀደመኝ። «ስሙን ያወጣሁልህ እኔ ነኝ» አልኩት። «አጥሩ ላይ ሆኜ። መጀመሪያ የጮኽኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለ ባሬ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ሰማሁሽ እኮ። የሚያስጠላ ድምፅ ነበረሽ።»

ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣለ።

«ወላሂ አሁንም ያስጠላል። በይ አታልቅሺ፤ ለእናትሽ ወንበር አምጪላት።»